“አፋቸው ውስጥ እንዳያስገቡ ተከታተሉ” ላላችሁን፦ ስለ ልጆች የፕላስቲክ ዕቃዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለልጆች ዕቃዎች ደኅንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች

ግልባጭ፦ የልጆች መጫወቻና መመገቢያ ዕቃ ለሚያመርቱ፣ ለሚያስመጡና ለሚሸጡ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ከልጆች የፕላስቲክ ዕቃዎች ስለሚወጡ መርዛማ ኬሚካሎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የሕፃናት ማቆያ ሞግዚት ነኝ። የምጽፍላችሁ አብረውኝ የሚሠሩትን ሞግዚቶች ወክዬ ነው። ውሏችን ከ6 ወር እስከ 4 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ጋር ነው። ጡጦ እንሰጣለን፣ እናበላለን፣ እናስተኛለን፣ ወለል ላይ ቁጭ ብለን አብረን እንጫወታለን።

በቅርቡ ለሞግዚቶችና ለወላጆች ተብሎ የተዘጋጀ አንድ ገጽ ማሳሰቢያ ደርሶናል። ደረጃውን ያልጠበቀ የፕላስቲክ መጫወቻ አትግዙ ይላል። ኃይለኛ ሽታ ያለውን አርቁ ይላል። ከዚያም ልጆች መጫወቻ አፋቸው ውስጥ እንዳያስገቡ በጥብቅ ተከታተሉ ይላል። በዚሁ ያበቃል። ስለ አምራቹ አንድ መስመር የለውም። ስለ ሻጩም የለውም። ተቆጣጣሪው ምን እንደሚሠራ ደግሞ አንዲት ቃል አልተጻፈበትም።

እንድጽፍ ያስነሳኝ ያ ወረቀት ነው።

ከአፍ ልጀምር። ማሳሰቢያው የደረሰን ዕለት እቅፌ ውስጥ የ9 ወር ልጅ ነበረች። የላይ ጥርሶቿ ሊወጡ ድዷ አብጧል። ቢጫ ለስላሳ ቀለበት ይዛ በአንድ ጎኑ ትነክሳለች፣ ታዞረዋለች፣ እንደገና ትነክሳለች። ለሃጯ በአገጯ ወርዶ ደረቷን አርሶታል። ወረቀቱን በአንድ እጄ እንደያዝኩ ቀለበቱን ቀስ ብዬ ልወስድባት ሞከርኩ። አለቀሰች። በምትኩ ማንኪያ ሰጠኋት። ማንኪያውም ፕላስቲክ ነው። እሱንም ወዲያው አፏ ውስጥ ከተተችው።

በዚህ ዕድሜ ልጅ ነገርን የሚለየው በአፉ ነው። ጠንካራ ይሁን ለስላሳ፣ ሻካራ ይሁን ልሙጥ፣ በከንፈሩና በምላሱ ይመረምራል። እያደገ ነው ማለት ነው፣ ጥፋት አይደለም። ዕቃውን “ከ6 ወር ጀምሮ” ብሎ የሚሸጠው ሰውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ድድ ሲያሳክክ እንዲነከስ ተብሎ የተሠራን ዕቃ አፍ እንዳይገባ ጠብቁ መባላችን በጣም ነው ያሳዘነን። የልጁን አፍ ከመጠበቅ ዕቃውን መጠበቅ አይቀልም ነበር?

አሁን ወደ ዕቃው ልግባ።

ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ በራሱ ደረቅና ግትር ነው። የውኃ ቧንቧ የሚሠራው ከእሱ ነው። ከእሱ ለስላሳ አሻንጉሊት፣ ገላ ሲታጠቡ የምትንሳፈፍ ዳክዬ ወይም የሚነፋ ኳስ ለማውጣት ማለስለሻ ይጨመርበታል። ለብዙ ዘመን ይህን ሥራ የሠሩት ፍታሌት የሚባሉት ኬሚካሎች ናቸው። የሚጨመረውም ጥቂት እንዳይመስላችሁ። በጣም ለስላሳ በሆነ ዕቃ ውስጥ ከክብደቱ ሲሶው ማለስለሻ ሊሆን ይችላል። ፍታሌት ደግሞ ከፕላስቲኩ ጋር በኬሚካል አይተሳሰርም። ስፖንጅ ውስጥ እንዳለ ውኃ ነው። ሲሞቅ፣ ሲታሽ፣ ሲታኘክ ቀስ እያለ ይወጣል። ያቺ ልጅ በቀለበቱ ላይ የምታደርገውም ይኸው ነው። ታሞቀዋለች፣ ታሸዋለች፣ በምራቋ ታርሰዋለች።

ከእነዚህ ኬሚካሎች አንዳንዶቹ፣ በተለይ ዲኢኤችፒ፣ ዲቢፒ እና ቢቢፒ የሚባሉት፣ የሰውነትን የሆርሞን ሥራ ያውካሉ። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ምርምሮች የወንድ ሆርሞንን እንደሚያዳክሙና የወንድ ፅንስን የመራቢያ አካል እድገት እንደሚያዛቡ ታይቷል። ወሬው አዲስ አይደለም። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የአውሮፓ ኅብረት በ1999 ከ3 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አፋቸው ውስጥ እንዲያስገቧቸው በተሠሩ ዕቃዎች ላይ ስድስት ፍታሌቶችን በአስቸኳይ አገደ። በ2005 እገዳውን ቋሚ አደረገው። አሜሪካ በ2008 ተከተለች። የተቀመጠው ወሰን ከለሰለሰው ፕላስቲክ ክብደት 0.1 በመቶ ነው። በአንድ ሲሶና በ0.1 በመቶ መካከል ያለውን ርቀት እስቲ አስቡት።

የመጀመሪያው እገዳ ሲወጣ፣ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ልጆቻቸውን ለእኛ ሰጥተው ወደ ሥራ የሚሮጡት እናቶች አንዳንዶቹ ራሳቸው ጨቅላ ነበሩ። ያን ያህል ጊዜ አልፏል። እኛ ግን ዛሬም በእጃችን ያለው ዕቃ የትኛው ማለስለሻ እንዳለበት አናውቅም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አምና አንድ ካርቶን ሙሉ ለስላሳ የእንስሳት መጫወቻ ተገዛልን። ላስቲኩን ስንቀደው ሽታው ክፍሉን ሞላው። አዲስ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ሲዘረጋ የሚሸት ዓይነት ነው። አንዷ ባልደረባዬ ራሷን አመማት። በሳሙና አጠብናቸው፣ ሦስት ቀን ውጭ አናፈስናቸው። ሽታው ጠፋ። ደስ ብሎን ለልጆቹ ሰጠናቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ሽታና መርዝ አንድ እንዳልሆኑ የተረዳነው። ዲኢኤችፒ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። እርሳስ የሚባለው ማዕድን አይሸትም። ካድሚየም የሚባለውም ማዕድን አይሸትም። ጠንካራ ጡጦ ይሠራበት የነበረው “ቢስፌኖል ኤ” የሚባለው ኬሚካልም ቢሆን አፍንጫ የሚለየው ነገር አይደለም። የተነነው ሌላ ነገር ነበር። ዋናው እዚያው ቀርቷል። “ኃይለኛ ሽታ ያለውን አርቁ” የሚለው ምክራችሁ ያኔ ደርሶን ቢሆን ኖሮ ያንኑ ስህተት እንሠራ ነበር፣ ያውም ተረጋግተን።

ሻጩን ጠየቅነው። ከሥር ምልክት አለው፣ እዩት አለን። ገልብጠን አየነው። በሦስት ቀስት የተሠራ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 3 ቁጥር አለ። ያ ቁጥር የሚናገረው ፕላስቲኩ ፒቪሲ መሆኑን ብቻ ነው። ምን እንደተጨመረበት አይናገርም፣ ለልጅ ይሁን አይሁንም አይናገርም። አንዳንዱ ዕቃ ደግሞ ያም ቁጥር የለውም። ቢጫው ቀለበት ጨርሶ ምንም ምልክት የለበትም። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ዘንድ ስንደውል የተሰጠን መልስ “የላቦራቶሪ ውጤት ይዛችሁ ኑ” የሚል ነበር። ላቦራቶሪ ከየት አምጥተን ነው? ሞግዚት ናት የምትመረምረው? ከዚያ በኋላ ሁለቴ ጻፍን። ጆሮ ዳባ ልበስ ተባልን።

ሁለተኛው ጉዳይ ቀለም ነው። እርሳስ በአንዳንድ ቀለሞች ውስጥ ይገባል፤ ፒቪሲ በሙቀት እንዳይበላሽ ተብሎም ይጨመር ነበር። ካድሚየም ደግሞ ደማቁን ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ለማውጣት ያገለግላል። ልጆች የሚወዷቸውን ቀለሞች ማለት ነው። ማቆያችን ውስጥ በቀለም የተቀባ የመቁጠሪያ መጫወቻ ነበረን። አንድ ቀን የአንዱን ልጅ እጅ ስጠርግ መዳፉ ላይ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ የደቀቁ ቀይ ቅርፊቶች ከለሃጩ ጋር ተጣብቀው አገኘሁ። ጥርሱ ላይም ነበሩ። ከየት እንደመጡ ለማወቅ መጫወቻውን ሳነሳው ጠርዙ ሁሉ ተልጦ ነጩ ፕላስቲክ ወጥቷል። ስንቱን እንደዋጠው እግዜር ይወቀው። ቀለሙ ውስጥ እርሳስ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ የነገረን የለም። መጫወቻውን ያነሳነው እኛው በገዛ ፍርሃታችን ነው።

ፍርሃታችን ከባዶ የመጣ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት አያደርስም ተብሎ የታወቀ የእርሳስ መጠን የለም ይላል። ትንንሽ ልጆች ከዋጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ከአዋቂ ጋር ሲተያይ 4 እና 5 እጥፍ ይደርሳል። የሚጎዳውም በመገንባት ላይ ያለውን አንጎል ነው። ትኩረትን፣ ትምህርት መቀበልን፣ ጠባይን። የደረሰው ጉዳት ደግሞ ተመልሶ አይድንም። ዩኒሴፍ በ2020 ባወጣው ሪፖርት ከ3 ልጆች አንዱ፣ በጠቅላላው እስከ 800 ሚሊዮን ልጆች፣ በአንድ ዴሲሊትር ደማቸው ውስጥ 5 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ እርሳስ እንዳለ ገልጿል። ይህ ሁሉ ከመጫወቻ መጣ አልልም። አብዛኛው ከባትሪ መቅለጫ፣ ከቤት ቀለምና ከሌላም ይመጣል። ግን ልጁ ከሌላ ቦታ ያገኘው እርሳስ ላይ እኛ የሰጠነው ሲደመርበትስ?

ስለ ጡጦ ሳልናገር አላልፍም። ጠንካራና እንደ መስታወት የጠራ ጡጦ ፖሊካርቦኔት ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራ ነበር። እሱ የሚሠራው ከቢስፌኖል ኤ ነው። በአጭሩ ቢፒኤ ይሉታል። ይህ ኬሚካል ገና በ1930ዎቹ እንደ ሴት ሆርሞን እንደሚሠራ በምርመራ ታውቆ ነበር። ታውቆም የሕፃን ጡጦ ተሠራበት። ካናዳ በ2010፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2011፣ አሜሪካ በ2012 ከጡጦ አስወጡት። በ2023 የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ሰው በየቀኑ ቢወስደው አይጎዳውም ያለውን የቢፒኤ መጠን ከቀድሞው 20,000 ጊዜ ዝቅ አደረገው። በ20,000! ትናንት “ችግር የለውም” ተብሎ የተሰጠንን ማረጋገጫ እንዴት አድርገን እንመነው?

አሁን ጡጦው ላይ “ቢፒኤ የሌለው” ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። እናቶች ያንን አይተው ይረጋጋሉ። እኛም እንረጋጋ ነበር። በብዙ ምርቶች የተደረገው ግን ቢፒኤን አውጥቶ ቢፒኤስ የሚባለውን ወንድሙን ማስገባት ነው። እሱም ሆርሞን እንደሚያውክ ጥናቶች አሳይተዋል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። አንዱን ስም ከልክላችሁ ቀጥሎ ያለውን ዝም ስትሉት፣ አምራቹ ቀመሩን በትንሹ ቀይሮ ይመጣል። የሚሞከርበት የእኛ ልጅ ነው።

ከፖሊፕሮፒሊን የሚሠራው ጡጦ ከቢፒኤ ነፃ ነው። እሱም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። በ2020 አየርላንድ ውስጥ የተሠራ ጥናት፣ እንዲህ ባለ ጡጦ ውስጥ በሙቅ ውኃ ወተት ሲበጠበጥ በአንድ ሊትር እስከ 16 ሚሊዮን ጥቃቅን የፕላስቲክ ብናኝ ሊወጣ እንደሚችል አሳይቷል። ውኃው በሞቀ ቁጥር ብናኙ ይበዛል። ይህ ብናኝ በሕፃን አካል ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ገና እየተጠና ነው። እኛ ጡጦ መቀቀላችንን አናቆምም፣ ጀርም ይገድላል። የዱቄት ወተቱንም በሙቅ ውኃ መበጥበጥ ግድ ነው። አሁን የምናደርገው ወተቱን በብርጭቆ ዕቃ በጥብጠን፣ ሲበርድ ወደ ጡጦው መገልበጥ ነው። ቀላል ነገር ነው፣ አንድ ተጨማሪ ዕቃ ማጠብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ይህን ያህል ቀላል ምክር በዚያ አንድ ገጽ ላይ ቦታ ማጣቱ ያስቆጫል።

ጥቁር ፕላስቲክንም ላንሳ። የተጣሉ ቴሌቪዥኖችና ኮምፒውተሮች ሽፋን እሳት እንዳይዘው ብሮሚን ያለባቸው ኬሚካሎች ይጨመሩበታል። ያ ሽፋን ተፈጭቶና ቀልጦ እንደገና ሌላ ጥቁር ዕቃ ይሆናል። የልጅ መጫወቻም ይሆናል። ብዙዎቹ እነዚህ ኬሚካሎች መርዛማ ኬሚካሎችን በሚያግደው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት የተከለከሉ ናቸው። ዴካቢዲኢ የሚባለው በ2017 ነው የታገደው። ከአዲስ ምርት የተከለከለው መርዝ በአሮጌው በኩል ዞሮ ልጆች እጅ ይገባል። ቆሻሻን መልሶ መጠቀም መልካም ነገር ነው። ግን ከልጅ አፍ አይጀመር።

መጠኑ ትንሽ ነው፣ አትጨነቁ የሚሉን አሉ። መልሴ አጭር ነው። የሚለካው አንዱ ቀለበት ብቻውን ነው። ልጅቷ ግን ከቀለበቱ ወደ ማንኪያው፣ ከማንኪያው ወደ ጡጦው፣ ከጡጦው ወደ ፕላስቲክ ምንጣፉ ነው የምትሄደው። ቀኑን ሙሉ፣ በየቀኑ። ክብደቷ 8 ኪሎ ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ሲሰላ ከእኔ በላይ ትበላለች፣ ከእኔ በላይ ትተነፍሳለች። የሁሉንም ድምር የለካላት ማንም የለም።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2023 ከፕላስቲክ ጋር የተያያዙ ከ13,000 በላይ ኬሚካሎች እንዳሉ፣ ከእነሱም ከ3,200 የሚበልጡት አሳሳቢ ጠባይ እንዳላቸው ዘግቧል። እነዚህን ሁሉ ሞግዚት በዓይኗ ትለያቸዋለች ብላችሁ እንደማትጠብቁ አምናለሁ።

ዓለም አቀፍ ስምምነት ይጠበቅ እንዳትሉን እንለምናለን። የፕላስቲክ ስምምነት ድርድር በነሐሴ ወር 2025 ጄኔቫ ላይ ያለ ውጤት ተበትኗል። ካልተስማሙባቸው ነገሮች አንዱ የኬሚካሎቹ ጉዳይ ነበር። ድርድሩ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አናውቅም፣ ልጅ ግን ድዱ የሚያሳክከው አንድ ጊዜ ነው። ያለ ዓለም አቀፍ ስምምነትም መሥራት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት በዚያው ዓመት አዲስ የመጫወቻ ደኅንነት ደንብ አጽድቋል። ሆርሞን የሚያውኩ ኬሚካሎችን በጅምላ ከመጫወቻ ያስወጣል፣ እያንዳንዱ መጫወቻም መረጃው በስልክ የሚነበብ የዲጂታል ፓስፖርት እንዲኖረው ያስገድዳል።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

ከሁሉ በፊት፣ የማስረጃው ሸክም ከእኛ ላይ ይነሳ። ለልጅ ተብሎ የሚሸጥ ማንኛውም የፕላስቲክ ዕቃ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በገለልተኛ ላቦራቶሪ ይመርመር። ሁሉንም በአንዴ ካልቻላችሁ ከ3 ዓመት በታች ላሉት ከተሠሩት ጀምሩ። ምርመራ ያላለፈው አይሸጥ። ወረቀት የሌለው ዕቃ መርዝ እንዳለበት እኛ እንድናረጋግጥ አትጠብቁ።

በሣጥኑ ላይ ፕላስቲኩ ምን እንደሆነ፣ ምን ማለስለሻና ምን ቀለም እንደገባበት ገዢው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። የአንድ ማስቲካ ይዘት ይጻፋል። ልጅ ስድስት ወር የሚያኝከው ቀለበት ለምን አይጻፍም?

ክልከላው በኬሚካል ቤተሰብ ይሁን። ሁሉም ቢስፌኖሎች፣ ሁሉም ጎጂ ፍታሌቶች። አንድ በአንድ እየለቀማችሁ ከሄዳችሁ አትደርሱበትም።

የጠረጠርነውን ዕቃ በነፃ የምናስረክብበትና በተቆረጠ ቀን መልስ የምናገኝበት መስኮት ክፈቱልን። ውጤቱም ለሁሉም ይፋ ይሁን። መርዝ የተገኘበት ዕቃ ከመደብር ብቻ ሳይሆን ከየቤቱና ከየማቆያው ይሰብሰብ፣ ወጪውም የሻጩ ይሁን። ለማቆያዎች ግዢ ሲፈጸም ደግሞ ርካሹ ብቻ እንዲመረጥ የሚያስገድደው አሠራር ይቀየር። ያ አሠራር እያለ የእኛ ጥንቃቄ ዋጋ የለውም።

ማሳሰቢያውንም መልሳችሁ ጻፉት። የአምራቹ ግዴታ ከላይ ይቅደም፣ የእናንተ ይከተል፣ የእኛ ከዚያ በኋላ ይምጣ። እኛ የድርሻችንን እንሠራለን። የተላጠ ቀለም ያለውን እናነሳለን፣ ትኩስ ነገር በፕላስቲክ አናቀርብም፣ ከምግብ በፊት እጃቸውን እናጥባለን። እነዚህን አሁንም እያደረግን ነው።

ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ስናወጣ ዋናውን ለእናንተ በፖስታ ልከናል። ቢጫው ቀለበት አብሮት አለ። በትንሽ ላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። በአንድ ጎኑ የልጅቷ የታች ጥርሶች ምልክት ይታያል። መርምሩልንና ውስጡ ምን እንዳለ በጽሑፍ አሳውቁን። ከእሱ ጋር በአንድ ካርቶን የመጡ አሥራ አንድ ቀለበቶች ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጠናል። መልሳችሁ እስኪመጣ አናወርዳቸውም።

ከአክብሮት ጋር፣

የሕፃናት ማቆያ ሞግዚት፣
የሥራ ባልደረቦቿን በመወከል